ብሩሹ ለምን ወደቀ? በባዕድ ከተማ እንግዳ ስለሚሸወድበት መንገድ

ኢስታንቡል፣ ሱልጣን አህመድ አካባቢ። አንድ ሊስትሮ ሳጥኑን አንግቶ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ብሩሹ ይወድቅበታል። ያላየ ይመስላል። የእኛ ሰው ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ጎንበስ ብሎ ያነሳና "ወንድሜ፣ ወድቆብሃል" ይላል፤ በአማርኛም ቢሆን። ሊስትሮው ይደነግጣል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያመሰግናል። ወዲያው ሳጥኑን ቁጭ ያደርግና ጫማህን ልጥረግልህ፣ ውለታህን ልመልስ ብሎ በምልክት ይለምናል። እምቢ ማለት ይከብዳል። እግር ሳጥኑ ላይ ይወጣል። መሃል ላይ የታመመ ልጅ ወሬ ይነሳል። ጠረጋው ሲያልቅ ሂሳብ ይጠየቃል፤ ያውም የአገሬው ሰው ከሚከፍለው ብዙ እጥፍ።

ብሩሹ በስህተት አልወደቀም። ያ ሰው ብሩሽ መጣል ሥራው ነው።

ዛሬ ከደብረ ብርሃን፣ ከአረርቲ ወይም ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ለልብስና ለሸቀጥ ዱባይ፣ ኢስታንቡል ወይም የቻይናዋ ጓንዡ የሚመላለስ ነጋዴ አለ። ለሕክምና ባንኮክ የሚሄድ አለ። ኢየሩሳሌምን ሊሳለም፣ ልጁን ሊጠይቅ የሚሄድም አለ። ከእነዚህ አንዱ ተመልሶ "ተበላሁ" ሲል ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንዱ "ድሮም ሞኝ ነው" ይላል። ሌላው "ውጭ አገር ሁሉም ሌባ ነው" ይላል። ሁለቱም ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አያስረዱም።

ሦስት ነገር በአንድ ስም

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። ኪስ አውላቂ ሌባ ነው፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ይወስዳል። አጭበርባሪ ግን ባለቤቱ በገዛ እጁ እንዲሰጥ ያደርጋል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ለመጀመሪያው ዚፕና የውስጥ ኪስ ይበቃል። ለሁለተኛው ዚፕ አይረዳም፤ ዚፑን የሚከፍተው ራሱ ባለቤቱ ነውና።

ሦስተኛው ከሁለቱም የከፋ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በየካቲት 2025 ከምያንማር ድንበር ወደ ታይላንድ በአንድ ጊዜ ከተሻገሩት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚያ አካባቢ ባሉ ግቢዎች የሚያዙ ብዙ ሰዎች ጥሩ ሥራ አለ ተብለው የሄዱ ናቸው። እዚያ ሲደርሱ በኢንተርኔት የሌላ አገር ሰው እንዲያጭበረብሩ ይገደዳሉ። ይህ የሰዎች ዝውውር ወንጀል ነው። ወሬው አገር ውስጥ ከተሰማ ወዲህ ባንኮክ የሚለው ስም ብቻውን ያስፈራል። ነገር ግን ለሕክምና የሚሄድን ሰው የሚጠብቀው አደጋ ያ አይደለም። የቱሪስት ማጭበርበር በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያልቃል፤ የሚወስደውም ገንዘብ ነው። የሥራው ወጥመድ ግን የሚዘረጋው እዚሁ፣ ተጓዡ ቤቱ ቁጭ ብሎ ስልኩን ሲያይ ነው። ሁለቱን መቀላቀል ለትንሹ አላግባብ ያስፈራል፣ ለትልቁ ደግሞ ያዘናጋል። ከዚህ በታች የማወራው ስለ ትንሹ ነው።

በግ መርጦ የሚገዛ ሰው ለምን ይሸወዳል?

የሰሜን ሸዋ ሰው በገበያ ሞኝ ነው የሚል ካለ በግ ተራ ቆሞ አያውቅም። ገዢው የበጉን ከንፈር ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል። ወገቡን በመዳፉ ይጫናል። ላቱን ከፍ አድርጎ ይመዝናል። ዋጋ ሲጠራለት ፊቱን ያዞራል። ጥቂት እርምጃ ይሄድና እስኪጠሩት ይጠብቃል። ይጠሩታል።

ይኸው ሰው ኢስታንቡል ታክሲ ውስጥ ዋጋ ሳይጠይቅ ይገባል። ብልሃቱን የት ጣለው?

አልጣለውም። በግ ተራ ላይ ብልህ ያደረገው ዓይኑ ብቻ አልነበረም። ያለፈውን ሳምንት ዋጋ ያውቃል። ይኼኛው ሻጭ ቢያስቸግረው አጠገቡ ሌላ አለ። ሻጩም ሆነ ደላላው በሚቀጥለው ገበያ እዚያው ይገኛሉ፤ ስማቸው ይታወቃል፤ ቢያታልሉ ይወራባቸዋል። ባዕድ ከተማ ላይ እነዚህ ሁሉ የሉም።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የመጀመሪያውን ችግር የመረጃ አለመመጣጠን ይሉታል። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው አያውቅም ማለት ነው። በዚህ ላይ ሻጭና ገዢ ዳግም አይገናኙም። የሰፈር ምግብ ቤት ነገ እንዲመለሱለት ይፈልጋል፤ ቱሪስት በሚርመሰመስበት አደባባይ ያለው ግን ነገ ሌላ አውሮፕላን ሌላ ሰው ያመጣለታል። ድካምም አለ። ሌሊቱን በበረራ ያደረ፣ ሻንጣ የሚጎትት፣ ስልኩ ኔትወርክ የሌለው ሰው ለመከራከር አቅም የለውም። ከአውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ "ታክሲ፣ ታክሲ" የሚለው ሰውዬ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ስለዚህ መፍትሔው ከመድረስ በፊት ይጀምራል። አዲስ አበባ ላይ ራይድ ወይም ፈረስ መጥራት የለመደ ሰው እዚያም በየከተማው ተመሳሳይ አገልግሎት ያገኛል፤ ግን ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። ሲም ካርድ ከሕንጻው ሳይወጡ መግዛት ወይም በአውሮፕላን ማረፊያው ዋይፋይ መጥራት የበሩን ሰውዬ ከጨዋታ ያስወጣዋል። ኢስታንቡል ላይ ሀቫኢስት የሚባሉ የማረፊያው አውቶቡሶችም አሉ፤ ታሪፋቸው የታወቀ ነው፣ የሚከራከር ሹፌር የለም። በሜትር የሚሠራ ታክሲ ከሆነም ሜትሩ ሲከፈት ማየት ነው። "ተበላሽቷል" ከተባለ መውረድ። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት መውረድ በጣም ቀላል ነው፤ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ግን ሻንጣው ኋላ ተቆልፎበታል።

ይሉኝታ ሲበዘበዝ

ብዙ ሰው የሚሸወደው ስስታም ነው ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። በርካሽ ተገዝቶ አገር ቤት በእጥፍ ይሸጣል በተባለ ዕቃ የሚታለል አለ። የብሩሹን ነገር ግን ደግመን እንየው። ያ ሰው ምን ተመኘ? ምንም። የወደቀ ዕቃ አነሳ። የተበላው በደግነቱ ነው።

እኔ እንደማየው የእኛን ሰው በብዛት የሚያስበላው ይሉኝታ ነው። አናግሮ የቀረበን ሰው ፊት መንሳት፣ ግብዣ መግፋት፣ "ዋጋው ስንት ነው?" ብሎ በጓደኛ ፊት መጠየቅ ነውር ይመስለናል። "ቤት ለእንቦሳ" ሲባል "እንቦሳ እሰሩ" የሚባልበት አገር ልጅ፣ ና ግባ ያለው ሰው ሂሳብ ያመጣብኛል ብሎ አያስብም። አጭበርባሪው ስለ እኛ ባህል የሚያውቀው የለም። ግን ሰው ሁሉ የተደረገለትን ውለታ መመለስ እንደሚፈልግ ያውቃል። ትንሽ ነገር ቀድሞ ይሰጣል፤ ትልቅ ነገር ኋላ ይጠይቃል።

ፓሪስ ውስጥ ሞንማርትር ኮረብታ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያወጣው ደረጃ አጠገብ አንዱ እጅዎን ይዞ ባለቀለም ክር አንጓዎ ላይ ይጎነጉናል። ማተብ ለሚያውቅ ሰው ክር ማሰር የክፉ ሰው ሥራ አይመስልም። ከታሰረ በኋላ በቀላሉ አይፈታም፤ ዩሮ ይጠየቅበታል። እጅን ኪስ ከትቶ ማለፍ እዚያ ትልቅ ጥበብ ነው።

የባንኮኩ ረቀቅ ይላል። ታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ አንድ ደህና የለበሰ ሰው ይቀርባል። "ዛሬ ዝግ ነው፤ የመነኮሳት ጸሎት አለ" ይላል። ቀኑ በዓል ነው፣ ቅዳሴ አልወጣም ሲባል መታገስ ለለመደ ሰው ይህ የሚታመን ነገር ነው። ሰውየው ያዝንለታል። ሌሎች ቤተ መቅደሶች አሉ፣ ይኼ ባጃጅ በትንሽ ባት ያዞርሃል ይለዋል። ባጃጁ፣ እነሱ ቱክቱክ የሚሉት፣ አንድ ሁለት ቤተ መቅደስ አሳይቶ የከበረ ድንጋይ መሸጫ ያቆማል። ዛሬ ብቻ የሆነ የመንግሥት ቅናሽ አለ ይባላል። አገርህ ወስደህ በእጥፍ ትሸጠዋለህ ይባላል። ድንጋዩ ሁልጊዜ ሐሰተኛ አይደለም። አንዳንዴ እውነተኛ ነው፤ ደረጃው ዝቅተኛ፣ ዋጋው ግን ከልኩ ብዙ እጥፍ ነው። ለዚህም ነው ተመልሶ ክስ ማቅረብ የሚያስቸግረው። ባጃጁ ከሱቁ ኮሚሽን ወይም የነዳጅ ኩፖን ይቀበላል። ቤተ መንግሥቱ ያን ቀን ክፍት ነበር።

የመጨረሻው የመጠጥ ቤት ነው። ኢስታንቡል ታክሲም በሚባለው ሰፈር ብቻውን የሚሄድ ወንድ አንድ ሰው ያናግረዋል። እሳት ይጠይቀዋል ወይም ሰዓት። "እኔም ለከተማው እንግዳ ነኝ" ይለዋል። አንድ ቢራ ይጋብዘዋል። ገብተው ሴቶች ይቀላቀላሉ፤ ጠርሙስ ይደረደራል። ሂሳቡ ሲመጣ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ጋባዡ የለሁበትም ይላል ወይም የተደናገጠ ይመስላል። በሩ ላይ ጠንከር ያሉ ሰዎች ይቆማሉ። ኤቲኤም ድረስም ይሸኙታል። ሻንጋይና ቤጂንግ ላይ ይኸው ነገር በሻይ ይሠራል፤ እንግሊዝኛ እንለማመድ የሚሉ ሁለት ወጣት ሴቶች፣ የሻይ ቤት፣ ከዚያ ሂሳብ።

ይህን ሰምቶ በፈረንጅ አገር ላይ ለሚፈርድ ሰው አንድ ነገር ላስታውስ። አዲስ አበባ ላይም "ዛሬ የተማሪዎች በዓል አለ፣ ቡና እንጠጣ" ተብሎ ወደ ቤት የሚወሰድ የውጭ አገር እንግዳ አለ። ሂሳቡ እዚያም ያስደነግጣል። ዘዴው የየትኛውም ሕዝብ ጠባይ አይደለም።

ታዲያ ይሉኝታን አገር ቤት ትቶ መሄድ ይቻላል? አይመስለኝም። የሚቻለው ሌላ ነው። ጨዋታውን ማን ጀመረው ብሎ ማየት። መንገድ የጠፋበት ሰው በዘፈቀደ መርጦ የሚጠይቀው አላፊ አግዳሚ ብዙውን ጊዜ ቅን ነው። እሱን መርጦ የመጣው ሰው ግን ለምን እንደመረጠው አይታወቅም። የቀረበ ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። ወሬው ወሬ ሆኖ እስካለ ችግር የለም። "ና ወደዚያ እንሂድ" ሲመጣ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ለዚያች ሰዓት መልሱ ቀድሞ ቢዘጋጅ ይሻላል፤ "ሰዎች እየጠበቁኝ ነው" ማለት ይበቃል። መልሱ እየተራመዱ ይሰጣል። የቆመ እግር ግማሽ እሺታ ነው።

ጥሬ ገንዘብ የያዘ እንግዳ

የእኛ ተጓዥ ከሌላው ቱሪስት በአንድ ነገር ይለያል። ዶላሩን በጥሬው ነው የሚይዘው። በብር የሚሠራው የባንክ ካርዱ ውጭ አይሠራም። አንዳንድ ባንኮች ለተጓዥ የሚሰጡት የውጭ ምንዛሪ ካርድ ቢኖርም፣ ለዕቃ የሚሄድ ነጋዴ ከወገቡ ላይ ብዙ ገንዘብ ማሰሩ የተለመደ ነው። ኪሳራውም ከብዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ያኔ የጠፋ 200 ዶላር 11,400 ብር ነው። ዛሬ ከዚያ እጥፍ በላይ ነው።

ጥሬ ገንዘብ የሚስበው አጭበርባሪ የራሱ ዓይነት አለው። አንዱ ሐሰተኛ ፖሊስ ነው። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች መታወቂያ ብልጭ ያደርጋሉ። "በአካባቢው ሐሰተኛ ዶላር እየተዘዋወረ ነው፣ ቦርሳህን እንይ" ይላሉ። ቆጥረው ይመልሳሉ፤ ጥቂት ኖት ጎድሏል። አንዳንዴ ቀድሞ አንድ ሰው መጥቶ ዶላር ልመንዝርልህ ይላል፤ እሱም የእነሱ ነው። ፖሊስ ሲባል ቀጥ ማለት ለለመድን ሰዎች ይህ ከባድ ነው። ግን ጨዋ መልስ አለ። "ጣቢያ እንሂድ፣ እዚያ አሳያችኋለሁ።" ሐሰተኛው እዚህ ላይ ይበርዳል። ስልክ ማውጣትም ይረዳል፤ ዱባይ 999፣ ኢስታንቡል 112፣ ጓንዡ 110፣ ባንኮክ ላይ የቱሪስት ፖሊስ 1155 ነው።

ሌላው የኖት ልውውጥ ነው። ጓንዡ ላይ ለታክሲ 100 ዩዋን ይሰጡታል፤ ሹፌሩ ዳሰስ አድርጎ "ይኼ አይሠራም" ብሎ ይመልሳል። የመለሰው ግን የተሰጠውን አይደለም፤ ሐሰተኛ ነው። ቻይናዊው ራሱ ዛሬ በስልኩ ስለሚከፍል በዚህ አይነካም። በጥሬው የሚከፍለው እንግዳ ነው የሚነካው። ቱርክ ውስጥ ደግሞ 50 ሊራ የተሰጠው ሹፌር 5 ሊራ አውጥቶ "ይኼን ነው የሰጠኸኝ" ይል ነበር፤ ቀለማቸው ይቀራረብ ነበርና። ትንንሽ ኖት መያዝና ሲሰጡ ቁጥሩን ጮክ ብሎ መጥራት ለሁለቱም ይሠራል። በአማርኛም ቢጠራ ግድ የለም፤ ዋናው ዓይን ኖቱ ላይ እንዳለ ማሳወቁ ነው።

ካርድ ለያዘው አንድ ሕጋዊ ወጥመድ አለ። ማሽኑ "በዶላር ይሁን በአገሩ ገንዘብ?" ብሎ ይጠይቃል። ይህ ዳይናሚክ ከረንሲ ኮንቨርዥን ይባላል። ሱቁ ወይም የማሽኑ ባለቤት ምንዛሪውን በራሱ ተመን እዚያው ይሠራል ማለት ነው። ተመኑ ብዙውን ጊዜ ከካርዱ ድርጅት የባሰ ነው። የአገሩን ገንዘብ መምረጥ ያዋጣል። ኮሚሽን የለም የሚል ምንዛሪ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ኮሚሽኑ ተመኑ ውስጥ ተደብቋል። ገንዘብ ከማውጣት በፊት "ለ100 ዶላር እጄ ላይ ስንት ይገባል?" ብሎ መጠየቅ ነው።

"አበሻ ነህ እንዴ?"

ይህን ማንሳት ደስ አይልም። ዱባይ ዴራ ሰፈር ወይም ኢስታንቡል ላሌሊ ገበያ ላይ አማርኛ መስማት ነፍስ ይመልሳል። ብዙ ነጋዴ ሱቁን፣ ካርጎውን፣ ማደሪያውን ያወቀው በአገር ልጅ ነው። አብዛኛው ወገን ይረዳል። የሚረዳውም በነጻ ባይሆን ሥራው ነው፤ ያልተነገረ ኮሚሽን ግን ሌላ ነገር ነው። ሱቅ አስገብቶ ከሻጩ የሚቀበል አገናኝ ከባንኮኩ ባጃጅ ነጂ በምን ይለያል? ዋጋው ላይ የተጨመረው ከገዢው ኪስ ነው የሚወጣው። ተጓዡ ይህን እንዳይጠይቅ የሚያደርገው ይኸው ይሉኝታ ነው፤ የአገር ልጅን ሂሳብ መጠየቅ ያሳፍራል። ገና ሲገናኙ "ድካምህን በቀን ስንት ልክፈልህ?" ማለት ለሁለቱም ክብር ነው። አንድ ዕቃ ያለ አገናኝ ብቻ ገብቶ መጠየቅም ልዩነቱን ያሳያል።

ከተሞቹስ?

ጥፋቱ የተጓዡ ብቻ ነው የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይላላል። ቱርክ በ2013 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የ5 ሊራውን ቀለም ወደ ሐምራዊ ቀየረች፤ ከ50ው ጋር ይምታታ ስለነበር። ፈረንሳይ ከ2016 ጀምሮ ከቻርልስ ደጎል አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ፓሪስ የታክሲውን ታሪፍ ቆርጣ አስቀምጣለች። ዋጋው ከታወቀ ክርክር የለም። በሚያዝያ 2013 ደግሞ የሉቭር ሙዚየም ጠባቂዎች ኪስ አውላቂው በዛብን ብለው ሥራ አቁመው ሙዚየሙ ለአንድ ቀን ተዘግቷል። በግንቦት 2015 የኤፍል ታወር ሠራተኞች እንዲሁ አደረጉ። ሠራተኛው እስኪያምጽ ድረስ የደረሰን ነገር በአንድ ገጠሬ ሞኝነት ማሳበብ አይቻልም።

በሌላ በኩል ከተሞች ብዙም አይቸኩሉም የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸው ሚዛን ይደፋል። ቱሪስቱ በሦስተኛው ቀን አገሩ ይገባል። ለምስክርነት አይመለስም። ፖሊስም የ40 ዶላር ክስ ይዞ አይሮጥም። ብሩሽ የጣለውን ሰው በምን ሕግ ይከሰዋል? ጫማ ጠረገ፣ ዋጋ ጠየቀ፣ ተከፈለው።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ተረት እንደ መመሪያ የሚይዙም አሉ። ሁሉን የጠረጠረ ሰው ግን ሌላ ኪሳራ አለው። የሆቴሉን ሠራተኛ፣ መንገድ የሚያሳየውን፣ እውነተኛውን ፖሊስ ይገፋል። ጥርጣሬውም ቶሎ ይደክማል፤ በሦስተኛው ቀን ይጥለዋል። ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ መጠንቀቅ ይቀላል፤ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ፣ ገንዘብ ከኪስ ሲወጣ፣ እና የማያውቁት ሰው ሌላ ቦታ እንሂድ ሲል።

የተበላ ሰው ዝምታ

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1925 ቪክቶር ሉስቲግ የሚባል አጭበርባሪ የመንግሥት ባለሥልጣን መስሎ ኤፍል ታወርን ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጠ። እንደሚነገረው የተታለለው ነጋዴ አፍሮ ለፖሊስ አልነገረም። ሉስቲግም ዝምታውን አይቶ ማማውን ደግሞ ሊሸጥ ፓሪስ ተመለሰ።

የእኛም ነጋዴ እንዲሁ ነው። ከጓንዡ ሲመለስ ስለ ዕቃው፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ምግቡ ያወራል። የጠፋውን 300 ዶላር ያልፈዋል፤ "ድሮም ሞኝ ነው" እንዳይባል። በሚቀጥለው ወር ጎረቤቱ እዚያው ታክሲ ውስጥ ይገባል። ካርጎ፣ ቀረጥና ምንዛሪ በየቀኑ በሚወራበት ከተማ የታክሲው ነገር አይነሳም። ብሩሹ ነገም ይወድቃል።

ለሚቀጥለው ተጓዥ አስቀድሞ ቢነገረው ግን ምን ያደርግ ነበር? አይቶ እንዳላየ ማለፍ የለበትም፤ የእኛ ሰው ያንን አይችልም። በጣቱ ጠቁሞ "ወድቆብሃል" ይላል፣ እግሩን ሳያቆም። ሊስትሮው ራሱ ተመልሶ ያነሳዋል።